የህንድ ስፔሻሊቲ ቡና ልደቱ 1996 ነው

ስለ ህንድ ቡና በተነሳ ቁጥር ወሬው የሚጀምረው ባባ ቡዳን የተባሉ ሱፊ ከየመን ደብቀው አመጧቸው ከሚባሉት ሰባት ፍሬዎች ነው። አፈ ታሪኩ ያምራል፤ በደቡብ ህንድ ቺክማጋሉር ያለው ተራራም በስማቸው ይጠራል። ስፔሻሊቲውን፣ ማለትም በላቀ ጥራቱና በመገኛው ተለይቶ የሚሸጠውን ቡና፣ የወለደው ግን የ1996ቱ (እ.ኤ.አ.፣ ሌሎቹም እንዲሁ) የገበያ ለውጥ ነው ባይ ነኝ።

በ1942ቱ የቡና ሕግ አምራቹ ቡናውን የመንግሥት ተቋም ለሆነው ቡና ቦርድ የማስረከብ ግዴታ ነበረበት። ቦርዱ የየማሳውን ምርት በደረጃ መድቦ ይቀላቅልና በጨረታ ይሸጠዋል፤ ገንዘቡም ለአምራቹ በየጊዜው ተቆራርጦ ይደርሰዋል። ቀይ እሸት መርጦ የለቀመውና ቅርንጫፉን ያራገፈው ቡናቸው አንድ ክምር ውስጥ ከገባ ማን ይለፋል? ግዴታው በ1990ዎቹ ቀስ በቀስ ላልቶ በ1996 ቀረ። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ከ2008 በኋላ በምርት ገበያው ያለፈ ቡናም የማሳ ስሙን ያጣ ነበር።

ቡናውን በማሳው ስም የሚሸጥ ሰው ጥንቃቄው ሌላ ነው። ጥሬና ቀይ እሸት ከተቀላቀለ መፈልፈያው ጥሬውን በደንብ አይልጠውም፣ ስኒውም ይጎመዝዛል። ስለዚህ ቀዩ ብቻ በዚያው ዕለት ይፈለፈላል። ከታጠበ በኋላ በስሱ ተሰጥቶ እርጥበቱ 11 በመቶ ግድም እስኪደርስ ይገላበጣል። በኃይለኛ ፀሐይ ከተቸኮለ ገለባው ይሰነጠቃል፤ ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል።

ሞንሱን ማላባር የተባለው የህንድ ቡና ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ደርቆ የተፈለፈለው ያልታጠበ ቡና በምዕራቡ ጠረፍ፣ ነፋስ በሚያስገባ መጋዘን ወለል ላይ ለሦስት አራት ወራት ተሰጥቶ የክረምቱን እርጥበት ይጠጣል። ፍሬው ያብጣል፣ ይነጣል፣ አሲዱም ይቀንሳል። ጣዕሙ ከማሳው ሳይሆን ከመጋዘኑ ስለሚመጣ፣ ዝናው ሳይካድ፣ እኔ ከስፔሻሊቲ አልመድበውም።

ከዝርያዎቹ ሰሌክሽን 9 ለኛ ይቀርባል። የተገኘው ከኢትዮጵያው «ተፈሪ ኬላ» ቡናና ከቲሞር ድቅል (በቲሞር ደሴት ከተገኘ የአረቢካና የሮቡስታ ድቅል) ነው፤ ዋግ መቋቋሙን ከቲሞሩ፣ የስኒ ጣዕሙን ከኛው ወስዷል ይባላል።

የአረቢካው ትልቁ ጠላት ነጩ ግንድ ቦርቧሪ ነው። ጥንዚዛዋ ፀሐይ በሚመታው ግንድ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ እጩም ግንዱን እየበሳ ይገባል። ምርት ለመጨመር ጥላ ዛፉን ያሳሳ አምራች ይህን ጠላት ይጋብዛል። መከላከያው ጥላውን መጠበቅና ልል ቅርፊትን ፈግፍጎ ማንሳት ሲሆን ክፉኛ የተጠቃው ተነቅሎ ይቃጠላል። ብዙዎች በዚህ ተማረው ቦርቧሪው እምብዛም ወደማያጠቃው ሌላ የቡና ዓይነት፣ ወደ ሮቡስታ ዞረዋል፤ ዛሬ ከአገሪቱ ምርት 70 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። የህንድ ስፔሻሊቲ ቀጣይ ፉክክርም በታጠበ ሮቡስታ የሚሆን ይመስለኛል።