ለወሬ ነጋሪ የተረፈ ሰው መጽሐፍ

ክርክሩን ያስነሳው የአንድ ቤዝ ዘላይ ግለ ታሪክ ነው። መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰው ወጣት መሐንዲስ በዕድሜ ሁላችንንም ለሚበልጡት ሰው «ጋሼ፣ ይህን ሳያነቡ እንዳይቀሩ» ብሎ ቢሰጣቸው፣ የኋላ ሽፋኑን አየት አድርገው መለሱለት። «ልጄ፣ ይህ ሰው ያደረገው አምላክን መፈታተን ነው። ተርፎ ሲያበቃ ደግሞ መጽሐፍ ጽፎ ሌላውን ይጠራል?» አሉ።

ቤዝ ዝላይ ከአውሮፕላን ሳይሆን ከቆመ ነገር ላይ፣ ከሕንጻ፣ ከአንቴና ማማ፣ ከድልድይ ወይም ከገደል አፋፍ፣ ፓራሹት ይዞ መዝለል ነው። ወጣቱ ጋሼን ለማሳመን የጀመረው ከዚህ ልዩነት ነው። ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ብዙ ጊዜ ከ4,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ዋናው ፓራሹት እምቢ ቢለው መጠባበቂያ አለው፤ ለማሰብም ጊዜ አለው። ቤዝ ዘላይ የሚይዘው አንድ ፓራሹት ነው፤ ሁለተኛውን ለመክፈት የሚተርፍ ጊዜ የለውምና። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ትዊን ፎልስ ከተማ አጠገብ ዓመቱን ሙሉ የሚዘለልበት የፔሪን ድልድይ አለ፤ ከፍታው 148 ሜትር ያህል ነው። ሰው ከዚያ ሲወርድ በመጀመሪያው ሰከንድ 5 ሜትር፣ በሁለተኛው መጨረሻ 20፣ በሦስተኛው መጨረሻ 44 ሜትር ግድም ወርዷል። ፓራሹቱ ካልተከፈተ ከወንዙ ለመድረስ ስድስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።

«እንግዲህ ስድስት ሰከንድ መጽሐፍ ይሆናል?» አሉ ጋሼ።

«መጽሐፉ ስለ ስድስቱ ሰከንድ አይደለም» አለና ስለ ፓራሹት አስተጣጠፍ የተጻፈውን ገጽ ገልጦ አነበበልን። ዘላዩ ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን እጥፋት በጣቶቹ እየዳበሰ ያስተካክላል። ገመዶቹ እንዳይጠላለፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተላቸዋል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ፓራሹቱ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ሊከፈት፣ ዘላዩንም ከአለቱ ጋር ሊያላትመው ይችላል፤ ተከፍቶም ይገድላል ማለት ነው። ገመዶቹ ላይ አከፋፈቱን የሚያለዝብ ትንሽ ጨርቅ አለ፤ ከዝቅተኛ ቦታ ሲዘለል እሱን ከሥራ ውጪ ያደርጉታል፣ ፓራሹቱ ወዲያው መዘርጋት አለበትና። ዘላዩ ጥቂት እንኳ ከተጠራጠረ ሁሉንም ፈትቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወጣቱ ሲጨርስ «እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለው ሰው ነፍሱን ንቋል ይባላል?» ብሎ ጠየቀ።

እስካሁን ዝም ብላ የቆየችው የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። «ስንቱ ይሞታል?» አለች። ወጣቱ በኖርዌይ ሼራግ ገደል ላይ የተደረገውን ጥናት ጠቀሰ። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2005 ድረስ 20,850 ዝላይ ተመዝግቦ 9 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ2,317 ዝላይ አንዱ መሆኑ ነው። እንደሚመስለኝ ቁጥሩ ትንሽ መስሎ ይታየናል ብሎ ነው ያመጣው። እሷ ግን አልለቀቀችውም። «ይህ ለአንድ ዝላይ ነው እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም። በዚያው ስሌት አንድ ሺህ ጊዜ የሚዘል ሰው የመሞት ዕድሉ ከሦስት አንድ ያህል ነው። ግለ ታሪክ የሚጽፈው ደግሞ ብዙ የዘለለው ነው።»

ጋሼ ይህችን ይዘው ተነሡ። «አየህ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። መጽሐፍ የሚጽፈው ለወሬ ነጋሪ የተረፈው ብቻ ነው። ከእሱ ጋር የዘለሉትና የሞቱት ቢጽፉ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።»

ወጣቱ ነገሩን አልካደም። እንዲያውም እሳቸውን የሚያግዝ ታሪክ ጨመረበት። ብራያን ሹበርትና ማይክል ፔልኪ እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ከሚገኘው ኤል ካፒታን አለት ዘለው አጥንታቸው ተሰብሮ ተርፈዋል። ሹበርት ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ከሚገኘው የኒው ሪቨር ገደል ድልድይ ሲዘል ሞተ። ካርል ቦኒሽ በ1978 ከኤል ካፒታን የተደረጉትን ዝላዮች በፊልም ቀርጾ ስፖርቱን ለዓለም አስተዋወቀ፤ በ1984 ኖርዌይ በሚገኘው ትሮልቬገን ከባለቤቱ ጋር ክብረ ወሰን በሰበረ በጥቂት ቀናት ውስጥ እዚያው ተራራ ላይ ሞተ። ባለቤቱ ጂን ከቀናት በኋላ እዚያው ተመልሳ ዘለለች። ይህን ሲሰሙ ጋሼ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ምላሽ አጡ። የሕጉም ነገር ተነሥቶ ነበር፤ ኤል ካፒታን የሚገኝበት የዮሴሚቲ ብሔራዊ ፓርክ በ1980 ዝላዩን ለአጭር ጊዜ ፈቅዶ መልሶ መዝጋቱን ሁላችንም ስለ ተቀበልን ብዙ አላከራከረንም።

እኔ መጽሐፉን ካነበብኩት ወገን ነኝ፤ ይነበብ ባይም ነኝ። የምለው ግን ወጣቱ ባለው ምክንያት አይደለም። ጥንቃቄው እውነት ነው፤ ሆኖም ነርሷ ያሰላችውን አይሽረውም። እጥፋቱ የቱንም ያህል ቢስተካከል ነፋሱን የሚያጥፈው የለም። ለእኔ የመጽሐፉ ታላቅ ምዕራፍ ደራሲው ያልዘለለበት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተራራ ወጥቶ አፋፉ ላይ ቆመ፤ የነፋሱ አቅጣጫ ተለወጠ፤ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ዘለሉ፤ እሱ ፓራሹቱን እንደ ተሸከመ በእግሩ ወረደ። የተሰማውን ሐፍረት ሳይደብቅ ጽፎታል። ሰው በወዳጆቹ ፊት «እኔስ ዛሬ ይቅርብኝ» ለማለት ምን ያህል አቅም እንደሚያስፈልገው እንዲህ ቀርቦ ያሳየኝ ጽሑፍ ብዙ አላጋጠመኝም። ይህ ምዕራፍ ለማይዘልም ሰው ነው።

የሚያሳዝነኝ ስለ ሟቾቹ የተጻፈው ነው። አንድ ጓደኛው የሞተበትን ቀን በሁለት አንቀጽ ይዘጋውና «የሚወደውን እየሠራ ሄደ» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ገደል ያልፋል። ይህን አባባል አልወደውም። ሟቹን የገደለው ምን ነበር? ዘግይቶ መክፈት? የተጠላለፈ ገመድ? ያልተጠበቀ ነፋስ? ስለ አስተጣጠፉ ያን ያህል ገጽ የጻፈ እጅ እዚህ ላይ ለምን እንደ ሰነፈ አልገባኝም። ነርሷ ማንም ሳይጠይቃት ያነሣችው ነጥብም ይኸው ነው። እሷ በሥራዋ የምታገኘው ዘላዩን ብቻ አይደለም፤ በር ላይ ቆመው ስልክ በእጃቸው የያዙትን ቤተሰቦቹን ጭምር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሚስት አለች፤ ስትጨነቅ እንጂ ስትናገር አንሰማትም። ከዝላዩ በፊት ምን ተባባሉ? እሷ ጠዋት የሚያነቃውን ሰዓት ስትሰማ ምን አሰበች? ደራሲው እነዚህን ጠይቆ መልሷን በራሷ ቃል አንድ ምዕራፍ ቢሰጣት ኖሮ፣ ጋሼን መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እንዲያነቡት እለምናቸው ነበር። አሁን የምለምናቸው ያንን በእግሩ የወረደበትን ምዕራፍ ብቻ እንዲያነቡ ነው።