ታካሚውን አናግረን ብቻ አንሸኘው

ስለ አእምሮ ጤና በሚመከርባቸው ስብሰባዎች አንድ የተለመደ ነገር አለ። ከሕመሙ ያገገመ ሰው ይጋበዛል። እንዴት እንደታመመ፣ ስንት ጊዜ ቤት እንደተዘጋበት፣ እንዴት እንደተሻለው ይናገራል። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ እንባውን የሚጠርግም አይጠፋም። ከሻይ በኋላ ስለ በጀትና ስለ ዕቅድ ማውራት ሲጀመር ግን ያ ሰው የለም። አበሉን ፈርሞ ሄዷል። እዚሁ ድሬዳዋ አንዱ እንዲህ ሲሸኝ አይቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቢቆይ ኖሮ የሚለው ነበረው። የድሬን ሙቀት ብቻ እንውሰድ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ፣ ክሎርፕሮማዚን የሚባል የቆየ መድኃኒት አለ። ቆዳ ፀሐይ እንዳይችል ያደርጋል። ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበትን አሠራርም ያዛባል። ያፈዛል፤ አፍ ያደርቃል። ይህን የሚወስድ ሰው ከከተማ ውጭ ካሉት ከዋሂል ወይም ከቢዮ አዋሌ ለቀጠሮ ሲመጣ አስቡት። ጠዋት ሲነሳ መድኃኒቱ ገና አልለቀቀውም። መኪና ሲጠብቅ ይቆማል። ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ ሲወጣ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ያውም በግንቦት! በሚቀጥለው ወር ይቀራል፤ ካርዱ ላይ «ክትትል አቋርጧል» ይጻፍበታል።

ቀጠሮውን የያዘለት ባለሙያ ክፉ ሆኖ አይደለም። መድኃኒቱን ውጦ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለማያውቅ ነው። የቆመው ሰው ግን ቀጠሮው ወደ አሥር ሰዓት ቢዞር ወይም መድኃኒቱ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ቢገኝ ምን እንደሚለወጥ ያውቃል።

«እንግዲያው ይጠየቁ» ብሎ መጥራት ብቻውን አይበቃም። ድሬ ትልቁም ትንሹም አንተ የሚባባልባት ከተማ ናት። ሆኖም ዓመታት ሙሉ «ተዉት፣ እሱ አሞት ነው» ሲባል የኖረ ሰው ዶክተር ፊት ምላሱ ይታሰራል። ለዚህ ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው። በአገራችን ያልተሞከረ ነገርም አይደለም። የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ለማጠናከር የተቋቋመው ኤመራልድ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2017 ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ሲሠራ፣ የተገልጋዮችንና የአስታማሚዎችን አቅም መገንባት አንዱ ሥራው ነበር። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳም ተገልጋዮችን በአገልግሎቱ ማሻሻያ ላይ ስለማሳተፍ ጥናት ተካሂዷል። እዚያ ከተነሱት እንቅፋቶች ድህነትና መገለል ዋነኞቹ ነበሩ፤ እኛም ጋ ሞልተዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ያካትታል። በአንቀጽ 4 ላይ መንግሥት እነሱን ሳያማክርና ሳያሳትፍ እንዳይወስንባቸው ያስገድዳል።

ሥልጠናው ስለ ሕመሙ የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ ከንቱ ልፋት ነው። ሕመሙንማ ያውቁታል! የማያውቁት በጀት መቼ እንደሚያዝ፣ መድኃኒት ሲያልቅ ጥያቄው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ቅሬታ የት እንደሚቀርብ ነው። የራስን ታሪክ ምን ያህል መናገር፣ የቱን ለራስ ማስቀረት እንደሚገባም መማር አለባቸው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የተናገሩት ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። ቃለ ጉባኤ መያዝና ሰብሳቢ መሞገት ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። እኛ በዕድር፣ ሐረሮች በአፎቻ ለምደነዋል። ሥልጠናው ከዚህ ይነሳ። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማልኛም ይሰጥ። ትራንስፖርትና የዋለበት ቀን ይከፈል፤ የቀን ሥራውን ትቶ የሚመጣ ሰው በባዶ እጁ ቤቱ አይግባ።

አስታማሚዎች ደግሞ ለብቻቸው ይሠልጥኑ። እናት ለልጇ ስትል የምትጠይቀውና ልጁ ራሱ የሚፈልገው አንዳንዴ ለየቅል ነው። እሷ አጠገቡ ከተቀመጠች እሱ አይናገርም።

ባለሙያዎቹም ሥልጠናው አይቅርባቸው። መስማት ይለመዳል። ተገልጋይ ያነሳው ሐሳብ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ይህን አድርገናል፤ ያንን በዚህ ምክንያት አላደረግንም» ይባል።

«መሐል ላይ ሕመሙ ቢነሳበትስ?» የሚሉኝ አሉ። ቢነሳበት ያርፋል፤ ይታከማል፤ ሲሻለው ወንበሩ ይጠብቀዋል። ስብሰባው እንዳይጎድል ደግሞ ከመነሻው አንድ ሰው ሳይሆን ብዙ ሰው ይሠልጥን።