ማዞር ሁሉ ደም ማነስ አይደለም

እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝና "ኪያሪ ያለበት ሰው የሚያዞረው ደም ስለሚያንሰው ነው፣ ቀይ ስር ይጠጣ" ያልሽው ልክ አይደለም። ደም ማነስ ያዞራል አዎ፣ ግን ኪያሪ ሌላ ነገር ነው፣ ሚዛን የሚጠብቀው የኋለኛው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬብለም የሚሉት፣ የታችኛው ጫፉ በራስ ቅሉ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ አንገት ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ ሲወርድ ነው ኪያሪ 1 የሚሉት፣ እና እዛ ጋ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል የአንጎሉን ፈሳሽ መተላለፊያም ያጠብባል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1890ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው እኮ።

እኔ ወንድሜ ላይ ነው ያየሁት፣ ደሙ ሙሉ ነበር። ሲያስለው ወይ ሲስቅ ማጅራቱን ይዞ ቁጭ ይላል፣ ማታ መብራት ከጠፋ ግድግዳ ሳይዝ ሽንት ቤት መድረስ አይችልም፣ ሰፈር ውስጥ ሰክሮ ነው ሲሉት ሁሉ ሰምቻለሁ፣ ቢራ እንኳን ቀምሶ የማያውቅ ልጅ። ስንት ወር አይረን ሲውጥ ከርሞ መጨረሻ ላይ ኤምአርአይ ነው ያሳየው።

ደግሞ የወረደበት ሁሉ ኦፕራሲዮን ይደረጋል ማለት አይደለም፣ ምንም ሳይሰማው የሚኖር አለ፣ ማዞሩም ከጆሮ ሊሆን ይችላል። ግን መዋጥ ካስቸገረው፣ እጁ ከደነዘዘ ወይ እየወደቀ ከሆነ ቀይ ስሩን ተዪውና ኒውሮሎጂስት፣ የነርቭ ሐኪም ጋ ውሰጂው።