ማን ጠራቸው?

የማኅበራት ስብሰባ ላይ ተደጋግሞ የሚሰማ ሮሮ አለ፤ «የዛሬ ወጣት ከራሱ በቀር ለማንም ደንታ የለውም» የሚል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩን ለዓመታት ያልለቀቀ ሊቀ መንበር ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ተቃራኒው ነው። ሁሉም ለየግሉ በሚሮጥበት ዘመን የዕረፍት ቀናቸውን ለበጎ ፈቃድ ቡድን፣ ለሠራተኛ ማኅበር ወይም ለፖለቲካ ፓርቲ ያለ ክፍያ የሚሰጡ ወጣቶች አሉ። ለምን?

በጥቅም ስሌት ከሄድን መስጠት አልነበረባቸውም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ማንከር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዳው፣ የጋራ ትግል ፍሬ ላልታገለውም ስለሚደርስ፣ ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ሰው ሌሎች እስኪደክሙለት ቤቱ ቢቀመጥ ያዋጣዋል። ንጹሕ አየር ለሰልፈኛውና ለተኛው እኩል ነው። ስሌቱ እንከን አይወጣለትም፤ ሰው ግን ሰልፍ ይወጣል።

«ዓላማውን ስለሚያምኑበት ነው» የሚለው መልስም ሩቅ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1964 ክረምት ከሌሎች ግዛቶች የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥቁር ዜጎችን በመራጭነት ለማስመዝገብ ወደ አሜሪካዋ ሚሲሲፒ ዘመቱ። ዘመቻው ገና ሲጀመር ሦስት የመብት ታጋዮች ተገደሉ። ተቀባይነት አግኝተው ሳለ ሳይሄዱ የቀሩም ነበሩ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ዳግ ማክአዳም ከዓመታት በኋላ የሁለቱንም ወገን ማመልከቻዎች አግኝቶ ሲያነጻጽር፣ ለዓላማው የነበራቸው ቅንዓት እምብዛም አልተለያየም። የሄዱትን የለያቸው ቀድሞ በሌሎች ድርጅቶች ውስጥ መቆየታቸውና ከዘማቾቹ መካከል የቅርብ ጓደኛ ያላቸው መሆኑ ነበር። የልብ ጓደኛህ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ እያየህ መቅረት ይከብዳል።

የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሲድኒ ቨርባና ሁለት ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ሰዎች በሕዝብ ጉዳይ የማይሳተፉበትን ምክንያት በሦስት ከፈሉት፤ ስለማይችሉ፣ ስለማይፈልጉ፣ ወይም ማንም ስላልጠየቃቸው። ሊቀ መንበራችን ሁለተኛውን ብቻ ያውቃል። ኑሮን ለማሸነፍ በሁለት ሥራ የሚባክነው ወጣት ግን ግለኛ አይደለም፤ ጊዜ የለውም። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ኑሮ ጥሪ በራሱ እግር አይመጣም። ግድግዳ ላይ ወይም ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለሁሉም ስለተጻፈ ማንም ለእኔ ነው አይለውም። «ሐሙስ ና፣ አንተ ታስፈልገናለህ» የሚለው ቃል ከአንድ ሰው አፍ መውጣት አለበት።

ግለኝነት ማኅበራትን ይገድላል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ጆርጅ ዊልያምስ ከገጠር ለንደን ገብቶ በጨርቅ መደብር የተቀጠረ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 ከመሰል ሠራተኞች ጋር ሆኖ በኋላ ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) በሚል ስም ያወቅነውን ማኅበር ሲመሠርት ዕድሜው 22 ነበር። ከዘመድ ተነጥሎ በእንግዶች ከተማ መኖሩ ማኅበር እንዲፈልግ አደረገው። አያቶች በትውልድ ያገኙትን ትስስር የልጅ ልጆች መርጠው ይገቡበታል፤ ስለመረጡትም መልሰው ሊተውት ይችላሉ።

«የሚገቡት ለሥራ ማመልከቻ እንዲጠቅማቸው ነው» የሚል ወቀሳም አለ። ቢሆንስ? ሰው የገባበትና የሚቆይበት ምክንያት አንድ መሆን የለበትም። የምስክር ወረቀት ፍለጋ የመጣች ወጣት የሒሳብ መዝገቡን ስትረከብ፣ እሷ ከቀረች ሥራው እንደሚቆም ስታውቅ፣ ወረቀቱን ትረሳዋለች። ብዙ ድርጅቶች ግን ይህን ኃላፊነት ይሰስታሉ። ወንበር ማስተካከል፣ ፎቶ ማንሳት፣ እንግዳ መቀበል ለወጣቱ ይሰጣል፤ በጀትና ውሳኔ ከላይ ይቀራል። «የወጣቶች ክንፍ» የሚባለው ስንት ቦታ የውሳኔ ድምፅ ሳይኖረው የሚያጨበጭብ ረድፍ እንደሆነ በውስጡ ያለፈ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የተረዱት፣ ያሳዝናል፣ ጽንፈኛ ቡድኖችና አማኞቻቸውን ከዘመድ የሚነጥሉ ኑፋቄዎች ናቸው። ብቸኛውን ወጣት ለይተው በስሙ ይጠሩታል፤ ሲቀር ደውለው ይጠይቁታል፤ ሳይውል ሳያድር ሥራ ይሰጡታል። ስለዚህ የአቀባበል ሙቀት ብቻውን የድርጅትን ደግነት አያሳይም። ልዩነቱ የሚገለጠው ወጣቱ መሪውን በጉባኤ ፊት ሲቃወም ወይም «ከእንግዲህ በቃኝ» ብሎ ሲሰናበት ነው። በደህናው ማኅበር ውስጥ ይከራከሩታል፤ ከወጣም በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ይሉታል።