የእናቴ ካርድ

የጤና ጣቢያ የታካሚ ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ይዙር የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ከልቤ እደግፋለሁ። እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ ናት። ባለፈው ቀጠሮዋ ካርዷ ከካርድ ክፍል ጠፋ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቀን "አዲስ ይውጣላቸው" ተባልን። የስንት ዓመት የስኳር ልኬት፣ የተቀየረላት መድኃኒት፣ ሁሉም ቀረ። ሐኪሙ "በፊት ምን ይወስዱ ነበር?" ሲላት የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አወጣች። በእጃችን የነበረው ያ ብቻ ነው።

የቤተሰብ ሕክምና እኮ ሰውን ለዓመታት መከታተል ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። መዝገብ ከሌለ ግን ጎበዙም ሐኪም በየቀጠሮው ከዜሮ ይጀምራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማህደርን፣ ማለትም የየቤቱን የጤና መዝገብ፣ ወደ ታብሌት ማዞር ጀምረዋል። ኔትወርክ ባይኖርም ይመዘግባል፣ ሲገኝ ይልካል። ለጤና ጣቢያም እንዲህ ያለ ነው የሚበጀው፤ መብራት በሄደ ቁጥር የሚቆም ምን ያደርጋል?

አንድ አደራ ብቻ። ነርሷን ወረቀቱም ላይ ኮምፒዩተሩም ላይ አታስጽፏት። ሥራው ድርብ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አቧራ ይጠጣል። እናቴን ቀና ብላ የምታይበት ጊዜም ያስፈልጋታል።