የድሬዳዋን ሰማይ አይታችሁ የወንዝ አሸዋ አትግቡ
ወደ ገጠር ስለሚደረግ የወንጌል ጉዞ የወጣው ጽሑፍ «ድሬ ካልዘነበ ለወንጌል ጉዞ መንገዱ ክፍት ነው» ማለቱ አደገኛ ነው። ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነውን የደቻቱን ወንዝ የሚሞላው ከከተማዋ በላይ፣ ከደንገጎ ዳገት ባሻገር ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ነው፤ የ1998ቱ ጎርፍስ ሌሊት ከላይ አይደል የወረደው? 60 ሳንቲሜትር የሚሮጥ ውሃ ላንድክሩዘር ይወስዳል። ውሃው ከጎደለም በኋላ አሸዋው ልል ስለሚሆን ጎማ ይውጣል፤ አንድ ሰው በእግሩ ቀድሞ በዱላ እየወጋ ይፈትሽ። «ጉባኤው ጠዋት ይሁን» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ በማሽላ ኩትኳቶ ጊዜ ገበሬውን ጠዋት ከየት ታመጣዋለህ? ከእርሻ የሚመለሰው አመሻሽ ላይ ነው፣ ደጋውም የሚዘንበው ያኔ ነው። ስለዚህ አገልጋዮቹ ጠዋት ተሻግረው እዚያው ይደሩ። መጽሐፍ ቅዱሶቹን ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ ከመኪናው ወለል ከፍ ማድረግ ነው፤ ካርቶን እርጥበት የሚስበው ከሥሩ ነው።