ቅሬታዬ ዞራ ዞራ ቤቷ ገባች

የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ማማት ፋሽን ሆኗል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው። ከአያት ወዲያ፣ ረዳቱ «መጨረሻ!» ብሎ ከሚያወርደን ቦታ አለፍ ብሎ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ትሑቶች ናቸው፣ ሙገሳ ያሳፍራቸዋል።

የአጥር ፈቃድ ልጨርስ ሄጄ አንድ ባለሙያ «ወንድሜ፣ ትንሽ ለሻይ ካላሰብክ ፋይልህ አይገኝም» አለኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት አለ?

«ቅሬታ ካለህ በሥርዓቱ አቅርብ» ተባልኩ። በቃል አይሆንም፣ በጽሑፍ ነው። በእጅ ጽሑፍም አይሆንም፣ በኮምፒውተር ነው። ደግነቱ በሩ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ የምትጽፍ ልጅ አለች። መዝገብ ቤት ማህተም መቱ፣ ቁጥር ሰጡ። ቤቴ እስከዛሬ ቁጥር የለውም፤ ቅሬታዬ ግን አገኘች።

የሐሳብ መስጫ ሳጥንም አለ። ሸረሪቷ ድሯን አድርታበታለች፣ የሚረብሻት የለም። ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ነው።

የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ስገባማ ልቤ ሞላ። በፌዴራል ደረጃ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ደንብ እንዲህ ያለውን ክፍል ተጠሪ ያደረገው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበር። የእኛዎቹም ይህን ቤተሰባዊ አሠራር ወደውታል። «አባት ዳኛ፣ ልጅ ቀማኛ» የሚሉት ምቀኞች ናቸው።

አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ የጠቋሚ ማንነት የሚደበቅበትን መንገድ ያስቀምጣል። እኛ ሰፈር መደበቅ ነውር ነው። ደብዳቤዬ ስሜንና ስልኬን ይዛ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረች። ጥበቃው አነበባት፣ ሻይ የምታፈላዋ አነበበቻት። እሑድ እድር ላይ «አይዞህ፣ በርታ!» ተባልኩ። (እድርተኞቹ ግን አብሮኝ የሚሄድ ሰው አላዋጡልኝም።)

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ያው ባለሙያ ነው። ደብዳቤዬ ላይ ኃላፊው በእስክሪብቶ «አቶ እገሌ፣ አጣርተው ምላሽ ይስጡበት» ብለው መርተውለታል። እውነቴን ነው፣ ከእሱ በላይ ጉዳዩን ማን ያውቃል? ቦታው ላይ ነበረ። ሻዩንም የጠየቀው ራሱ ነው። አዲስ አበባን ቢያስሱ እንዲህ ያለ የዓይን ምስክር አይገኝም።

ሄድኩ። ወንበር ሳበልኝ። ሁለት የፊደል ግድፈት አርሞልኛል። ምርመራውም አልቆ ተጽፏል፦ «ተጣርቷል፤ ባለሙያው ገንዘብ ስለመጠየቁ የተገኘ ማስረጃ የለም።»

«እንግዲህ ይዤው ልሂዳ?» አልኩት።

«ማህተም ይቀረዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማህተም የምትይዘዋ ስብሰባ ላይ ናት። ትንሽ ለሻይ ካሰብክ ግን ዛሬውኑ ትወጣልሃለች።»